የጀልባ ዕቃ በጀፕስታውን

ባሕር በሌለበት ከተማ የጀልባ ዕቃ ይሸጣል ቢባል ለሰሚው ቀልድ ይመስላል። ማኅበራችን 10ኛ ዓመቱን ምክንያት በማድረግ ለሚያሳትመው ለዚህ መጽሔት ስለ ጀፕስታውን ታሪክ አንድ ጽሑፍ እንድናቀርብ በተጠየቅን ጊዜ፣ የጠያቂዎቻችን ሐሳብ ስለ ብርድ ልብስ ንግድ፣ ስለ ሎኬሽን ሱቅ ወይም በየጊዜው ስለሚደርስብን ዘረፋ እንድንጽፍ ነበር። ያ ሁሉ በሌሎች ብዕር ተጽፏል፤ ገናም ይጻፋል። እኛ ግን በ1993 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ትምህርታችንን አቋርጠን በኬንያ በኩል እዚህ ከደረስን ወዲህ እንጀራችን ታክሲ መንዳት በመሆኑ፣ ከሱቅ ይልቅ የጋራዥ ደጃፍ ይቀርበናል። ስለዚህ አንባቢ ከፈቀደልን፣ ብዙ ሰው ስለማያውቀው የሰፈራችን ንግድ፣ ማለትም ስለ ትርፍ የጀልባ መለዋወጫ የምናውቀውን እናካፍላለን።

በቅድሚያ የቦታውን ስም እናጥራ። ብዙዎቻችን «ጀፒ» ስንል የምናስበው በመሀል ከተማ ያለውን፣ የሐበሻ ምግብ ቤትና የጅምላ ሱቅ የሞላበትን ጎዳና ነው። ያ ጎዳና ዛሬ ራሂማ ሙሳ ይባላል፤ ስያሜውም ኦገስት 9 ቀን 1956 እ.ኤ.አ. ወደ ፕሪቶሪያ የተደረገውን ታላቅ የሴቶች ሰልፍ ከመሩት እናቶች የአንዷ ነው። ጀፕስታውን ግን ከዚያ ወደ ምሥራቅ ወጣ ብሎ ከባቡር ሐዲዱ አጠገብ የሚገኝ አሮጌ ሰፈር ነው። በ1886 እ.ኤ.አ. ወርቅ ከተገኘ በኋላ ብዙም ሳይቆይ የጀፔ ቤተሰብ መሬቱን ሸንሽኖ ሸጠው፤ ከጆሃንስበርግ የመጀመሪያዎቹ የመኖሪያ ሰፈሮችም አንዱ ሆነ። ባለጸጎቹ ወደ ሰሜኑ ኮረብታ ሲወጡ ቦታው ለብረት ሠራተኛው፣ ለአናጢውና ለመካኒኩ ቀረለት።

ታዲያ ጀልባው ከየት መጣ? ጆሃንስበርግ ከባሕርም፣ ከሐይቅም፣ ከትልቅ ወንዝም ዳር ሳትሆን የገነነች ከተማ ናት። እስከ ደርባን ወደብ 570 ኪሎ ሜትር ያህል ይነዳል። ውሃው በግድብ መጣ። የሃርትቢስፑርት ግድብ በ1920ዎቹ፣ ታላቁ የቫል ግድብ ደግሞ በ1938 እ.ኤ.አ. ተሠርተው ሲያልቁ፣ ከወርቁና ከፋብሪካው ገንዘብ የደረሰው ነጭ ሁሉ ቅዳሜና እሑድ ዓሣ አጥማጅና ባለ ጀልባ ሆነ። የመዝናኛ ቦታን በዘር የሚከፍለው የ1953 እ.ኤ.አ. ሕግ እስከ 1990 ድረስ የጸና ስለ ነበር፣ ጥቁሩ ሠራተኛ ጀልባውን ያጥባል እንጂ አይዝናናበትም ነበር። እንግዲህ እሑድ ማታ በመኪና ተጎትቶ የተመለሰ ጀልባ ሰኞ ጠዋት መካኒክ ይፈልጋል። መካኒኩም ከሚገኝባቸው ሰፈሮች አንዱ ጀፕስታውን ነበር።

የጀልባ ሞተር ስንል ከጀልባው በስተኋላ የሚታሰረውን፣ ፈረንጆች አውትቦርድ የሚሉትን ማለታችን ነው። ኖርዌይ ተወልዶ በልጅነቱ አሜሪካ የገባው ኦሌ ኢቪንሩድ በ1909 እ.ኤ.አ. ይህን ሞተር ሠርቶ ለገበያ አቀረበ። በኋላ ጆንሰን የሚባል ብርቱ ተወዳዳሪ መጣበት፤ ሁለቱ ስሞች ግን በ1930ዎቹ በአንድ ኩባንያ ሥር ተጠቃለሉ። ይህ ኩባንያ ቆይቶ ኦ.ኤም.ሲ. በሚለው ምሕጻረ ቃል ታወቀ። እንግሊዞች ሲጋልን፣ ሌሎች አሜሪካውያን ሜርኩሪን አመጡ፤ ጃፓኖች ደግሞ በ1960 በያማሃ ገቡበት።

ከእነዚህ ውስጥ ዛሬ በሕይወት የሌለው ብዙ ነው። ሲጋል በ1990ዎቹ ውስጥ ሞተር መሥራቱን ተወ። ኦ.ኤም.ሲ. በዲሴምበር 2000 እ.ኤ.አ. ከሰረ፤ የኢቪንሩድንና የጆንሰንን ስም በ2001 የገዛው የካናዳው ቦምባርዲየር ነበር፤ የኢቪንሩድም ምርት በ2020 ጨርሶ ተቋረጠ። ፋብሪካ ይዘጋል እንጂ ሞተሩ አብሮት አይሞትም። በየወንዙና በየሐይቁ ወላጅ አልባ ሆኖ ይሠራል፤ ሲሰበር ግን ዕቃው የሚገኘው እንደ ፊተኛው ከፋብሪካ ሳይሆን በአንድ አሮጌ ሱቅ መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ከቀረው ነው።

እዚህ አገር ደግሞ መደርደሪያው የሞላበት የራሱ ምክንያት አለው። በ1985 እ.ኤ.አ. ራንድ ክፉኛ ወደቀ፤ ማዕቀቡም እየጠበቀ ሲሄድ ብዙ የአሜሪካ ኩባንያዎች ለቀው ወጡ። የዚያን ጊዜ ባለ ጋራዦች እንደሚያጫውቱን፣ ዛሬ ያልገዛ ነገ አያገኝም በሚል ስጋት የ10 ዓመት ዕቃ በአንድ ጊዜ የሸመተ ነበር። እናቶቻችን ለክፉ ቀን በርበሬ እንደሚያከማቹት መሆኑ ነው።

ከእንዲህ ዓይነቶቹ ቤቶች አንዱን እናውቀዋለን። የቤተሰቡን ስም መጥቀስ አያስፈልግም። አያት የከፈቱትን ቤት አባት ወርሰው እስከ ዕለተ ሞታቸው ሠርተውበታል፤ የልጅ ልጆች ግን አንዱ ውጭ አገር፣ ሌላዋ ባንክ ቤት ናቸው። በአቅራቢያው ማቦኔንግ የተባለው እድሳት ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሮጌ መጋዘኖችን ወደ ሥዕል ማሳያና ወደ መኖሪያ ሲለውጥ፣ የሕንፃ ፈላጊው በዛ። ልጅቷም በ2017 ቤቱን ለመሸጥ ወሰነች፤ ገዢውም ባዶ አድርጋችሁ አስረክቡኝ አለ። ያን ጊዜ ሚዛን ይዞ የመጣው ቁርጥራጭ ብረት ሰብሳቢ ነበር። የአዲስ አበባው ቁራሌው ጆንያ ያነግታል፤ የእዚህኛው የጭነት መኪና ይነዳል፤ ዓይናቸው ግን አንድ ነው። ነሐሱን ለብቻ፣ አሉሚኒየሙን ለብቻ፣ የቀረውን ሁሉ በጅምላ በኪሎ ገመተና ዋጋ ጠራ።

ልጅቷ የታክሲያችን ደንበኛ ነበረች። «የእናንተ ሰዎች የመኪና ዕቃ ይነግዱ የለም እንዴ?» ብላ ጠየቀችን። እኛም ከሁለት ወንድሞች ጋር የእቁባችንን ብር አሰባስበን፣ ከሚዛኑ ዋጋ ጥቂት ጨምረን 60 የሚያህል ሳጥን ተረከብን። በኪሎ የሚሸጥ ዕቃ ስም የለውም፤ ስሙ የታወቀ ዕቃ ግን በነጠላ ይሸጣል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነበር የእኛ ትርፍ። ነገር ግን ስሙን ማን ይንገረን? ዐዋቂው ሰውዬ ሞተዋል። ሳጥኖቹ ላይ የጻፉት ለራሳቸው ብቻ በሚገባ አጻጻፍ ነው፤ የአንዳንዱን ወረቀት ደግሞ አይጥ በልቶታል።

ከመካከላችን ይህን የሚያውቅ ሰው ይገኛል ብለን አላሰብንም ነበር። ለካስ አብረውን እሑድ እሑድ ቡና የሚጠጡት አዛውንት በቀድሞው ባሕር ኃይል የሞተር ባለሙያ ኖረዋል። ምጽዋ ሠልጥነው፣ ከተማዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ስትያዝ ወደ አሰብ ዞረው፣ በግንቦት 1983 ደግሞ ከአሰብ በመርከብ ወደ የመን የወጡ ናቸው። የሳጥኑን ነገር ስንነግራቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና፣ «ነገ ውሰዱኝ» አሉ።

እዚህ ላይ ስለዚያ ባሕር ኃይል ጥቂት ካላወራን አንባቢ የዝምታቸውን ምክንያት አያገኘውም። የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል በ1955 እ.ኤ.አ. ምጽዋ ላይ ሲቋቋም ካሠለጠኑት የውጭ መኮንኖች መካከል ኖርዌያውያን ነበሩበት (የኢቪንሩድ አገር ሰዎች መሆናቸውን ልብ ይሏል)። ትልቋ መርከብ «ኢትዮጵያ» በአሜሪካ ባሕር ኃይል ኦርካ ተብላ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያገለገለች ስትሆን፣ ለእኛ የተሰጠችው በ1962 እ.ኤ.አ. ነው። በ1991 መንግሥት ሲወድቅ መርከቦቹ ወደ ጎረቤት አገር ወደቦች ተበተኑ። «ኢትዮጵያ» የመን ውስጥ ቆማ ዛገች፤ በ1993 እ.ኤ.አ. ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ወደ ጅቡቲ የተጠጉት ደግሞ የወደብ ኪራይ ሳይከፈልላቸው ቀረ፤ ጅቡቲም በሴፕቴምበር 1996 እ.ኤ.አ.፣ ማለትም በመስከረም 1989 ዓ.ም.፣ ይዛ በሐራጅ አቀረበቻቸው። ኤርትራ አራቱን ገዛች፤ የቀሩት ለብረት ሄዱ። ከ40 ዓመት በላይ የተገነባ ሙያና ንብረት መጨረሻው ሚዛን ሆነ ማለት ነው። እሳቸው ስለዚያ ሐራጅ ሲናገሩ ሰምተን አናውቅም። ጀፕስታውን ጋራዥ ውስጥ ሳጥን ሲከፍቱ ግን ማንም ሳይጠይቃቸው አንዲት ነገር አሉ፤ «የኛዎቹን ማንም ቁጥራቸውን አላነበበላቸውም።»

ወደ ሳጥኖቻችን እንመለስ። ሥራው አራት ወር ፈጀ፤ የምንገናኘው ከሥራ በኋላ ማታ ማታ ነበር። «ጋሼ፣ ይኼስ ምንድን ነው?» እንላለን። «ዓይኔ ደክሟል ልጄ፣ ቁጥሩን አንብብልኝ» ይሉናል። ከእሳቸው የተማርነው የመጀመሪያው ነገር፣ ብረቱ ላይ ጎላ ብሎ አብሮ የፈሰሰው ቁጥር የዕቃው ቁጥር አለመሆኑን ነው። እሱ የቀለጠው ብረት የፈሰሰበት የፎርማው ቁጥር ነው። ከአንድ ፎርማ የወጣ ብረት ቀዳዳው በተለያየ ቦታ ሲበሳ ሦስትና አራት የተለያየ ዕቃ ሊሆን ይችላል። ይህን የማያውቅ ሻጭ ለገዢው የማይገጥም ዕቃ ይልካል፤ ገንዘቡንም ስሙንም ይመልሳል። እውነተኛው ቁጥር የሚገኘው በማሸጊያው ላይ፣ ወይም በፋብሪካው የዕቃ ዝርዝር መጽሐፍ ላይ ሥዕሉን አመሳክሮ ነው። የኦ.ኤም.ሲ. አሮጌ ማሸጊያ ባለ 6 አኃዝ ቁጥር አለው፤ ኋላ የመጡት ባለቤቶች ከፊቱ አንድ ዜሮ ጨመሩበትና 7 አደረጉት። ሁለቱ የተለያዩ የሚመስላቸው ስንቶች ናቸው! አንዳንዱ ቁጥር ደግሞ በሌላ ቁጥር ተተክቷል፤ አሮጌውን ብቻ ይዞ የሚፈልግ ሰው አዲሱን ከፊቱ አስቀምጠው አጣሁ ይላል።

የሞተሩን ዓመተ ምሕረት ማወቂያው ግን ከሁሉ ያስደስተናል፤ የተማሪነት ጊዜያችንን ያስታውሰናል መሰለን። ከ1980 ሞዴል ጀምሮ ኦ.ኤም.ሲ. ዓመቱን በፊደል ይደብቅ ነበር። ቁልፉ «ኢንትሮዱሰስ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ነው፤ «ያስተዋውቃል» ማለት ነው። ቃሉ 10 ፊደል አለው፤ አንዱም አይደገምም። የመጀመሪያው ፊደል አይ 1፣ ኤን 2፣ ቲ 3፣ አር 4፣ ኦ 5፣ ዲ 6፣ ዩ 7፣ ሲ 8፣ ኢ 9፣ የመጨረሻው ኤስ 0 ነው። በሞዴሉ ስም መጨረሻ ያለውን አንድ ፊደል ትተው ከእሱ በፊት ያሉትን ሁለቱን ያነባሉ፤ ሲ እና አር ከሆኑ 84፣ ሲ እና ኢ ከሆኑ 89 ማለት ነው። የሞዴሉ ሰሌዳ ከተነቀለ ደግሞ ሞተሩ ራስ ላይ የተመታች ትንሽ ክብ የብረት ክዳን አለች፤ ቁጥሩ እሷ ላይም ተቀርጿል። ሰሌዳ የሚነቅል ሌባ እሷን አያውቃትም።

ሌላው ለኪስ የሚጠቅም ዕውቀት፣ ጆንሰንና ኢቪንሩድ ጉልበታቸውና ዓመታቸው አንድ እስከ ሆነ ድረስ በቀለምና በስም እንጂ በሆድ ዕቃ አለመለያየታቸው ነው። ጆንሰን የሚል ሳጥን ለኢቪንሩድ ባለቤት ይሸጣል። ሶማሌ ተራ ያደገ ሰው ይህ አይገርመውም፤ የአንዱ መኪና ኩሽኔታ ለሌላው እንደሚገጥም እዚያ ሕፃኑም ያውቃል።

ቋንቋም አስቸግሮን ነበር። ማሸጊያው እንግሊዝኛ ይናገራል፤ ጋሼ ደግሞ እንደ ማንኛውም የአገራችን መካኒክ ካንዴላ፣ ጓርኒሲዮን፣ ቴስታታ፣ ኩሽኔታ ይላሉ፤ የጣልያን ቅርስ ነው። ስለዚህ ባለ ሦስት ረድፍ ደብተር አዘጋጀን፤ በአንዱ ቁጥሩ፣ በሁለተኛው የእንግሊዝኛ ስሙ፣ በሦስተኛው የእኛ ስሙ። 312 ዕቃ ተመዝግቧል።

ያልተስማማንበት ጊዜም ነበር። የውሃ ፓምፑ ውስጥ የምትሽከረከር ኢምፔለር የምትባል ባለ ክንፍ ጎማ አለች፤ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ውሃ ከሐይቁ የምትስበው እሷ ናት። በሁለት ሳጥን ሙሉ አገኘናት፤ እሽጉ ያልተከፈተ፣ ቁጥሩም የተስተካከለ ነው። ከእኛ አንዱ ወንድም ይህ ብቻ የከፈልነውን ይመልሳል ብሎ ደስ አለው። ጋሼ አንዷን አውጥተው ክንፏን በጣታቸው አጠፍ ቢያደርጓት ተሰነጠቀች። ጎማ በመደርደሪያም ላይ ያረጃል። «ይኼ አይሸጥም» አሉ። «ሳይከፍት የሚገዛ አለ» ብለን ተከራከርን። ታክሲ ሲበላሽ ዳር ይዞ ማቆም አለ፤ ሐይቅ መሀል ግን ዳር የለም፤ ሞተሩ ግሎ የቆመበት ሰው የሚሄደው ንፋሱ ወደ ወሰደው ነው ብለው አስረዱን። ሁለቱም ሳጥኖች ቆሻሻ ገቡ። ገንዘቡ አሳዝኖናል፤ ውሳኔው ግን ትክክል ነበር ብለን ዛሬም እናምናለን።

አሁን ወደ ፕሮፔለሩ እንምጣ፤ የዚህ ታሪክ ቁም ነገር ያለው እዚያ ነው። ፕሮፔለር እምብርቱ ላይ ሁለት ቁጥር አለው፤ ለምሳሌ 10 በ11። የመጀመሪያው የስፋቱ ኢንች ነው፤ ሁለተኛው ፒች ይባላል፤ አንድ ዙር ሲዞር ወደ ፊት ሊሄድ የሚገባው ኢንች ነው። ፒቹ አነስ ያለ ፕሮፔለር እንደ መኪና ዝቅተኛ ማርሽ ነው፤ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ሞተሩን ግን አያስጨንቅም። ከሳጥኖቻችን የወጡት አብዛኞቹ ፒቻቸው ዝቅተኛ ነበር። የደርባን ገዢዎች አንፈልግም አሉን። ለምን እንደዚህ ያለውን ብቻ እንዳከማቹ ስናሰላስል መልሱን ያገኘነው ከከፍታው ነው። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። የቫል ግድብ ውሃ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ እዚያ የሚቀዝፍ ሰው የባሕር ዳርቻውን ፕሮፔለር ቢያስር ሞተሩ ይታፈናል። ሟቹ ባለ ሱቅ ለደጋ ሞተር የሚሆን ዕቃ ነበር የሰበሰቡት።

ደጋ ላይ ያለ ሐይቅ ከተባለ ደግሞ እኛ ዘንድ ጣና አለ፤ ከፍታው 1,800 ሜትር ያህል ነው። ባለ 40 የፈረስ ጉልበት ሞተር ጣና ላይ 33 ገደማ ብቻ ይሆናል ማለት ነው። ጣናን ለሺህ ዘመናት ያሻገረችው የደንገል ታንኳ መለዋወጫ አያስፈልጋትም፤ ስታረጅ ሌላ ይታሰራል። የሞተር ጀልባ በብዛት የገባው በጣልያን ወረራ ዘመን፣ ጎርጎራ ላይ ወደብ ሲሠራ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የዕቃ ችግር ከሐይቁ አልተለየም። በ2017 ዓ.ም. «ጣናነሽ 2» ከጅቡቲ ተነሥታ በየብስ ባሕር ዳር ስትገባ አገር ጉድ ብሎ አይቷል፤ ትንንሾቹ የሞተር ጀልባዎች ግን አሁንም ዕቃቸውን የሚያገኙት በዘመድ ነው። የእምቦጩንም ነገር አንርሳ፤ እኛ ጣና ላይ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ የምናለቅስበት አረም ሃርትቢስፑርት ላይ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፤ የፕሮፔለር ጠላትነቱም በሁለቱም ቦታ አንድ ነው።

እናም ደርባን የናቀችውን ባሕር ዳር ወሰደችው። በመንገደኛ ሻንጣ፣ ሁለትና ሦስት እያልን 19 ፕሮፔለር ላክን። (ለሚሞክር ሰው ምክር፦ ቤንዚን የነካው ካርቡራተር አውሮፕላን አይቀበለውም፤ አስቀድሞ ታጥቦና ደርቆ፣ ሽታው ጠፍቶ መሆን አለበት።) የቀረው እዚሁ አገር ለአሮጌ ሞተር ወዳጆች ተሸጠ፤ የሲጋል ዕቃ በተለይ ናፋቂ አለው።

ሁሉም አልተረፈም። በሴፕቴምበር 2019 እ.ኤ.አ. ጀፕስታውንና ጁልስ ጎዳና ሲዘረፉና ሲቃጠሉ፣ እንደ 2008ቱና እንደ 2015ቱ ሁሉ የብዙ ወገን ሱቅ ወድሟል፤ ከእኛም 11 ሳጥን በአንድ ወንድም ሱቅ ጓዳ ተቀምጦ ነበር። ካንዴላና ቡሎን መሬት ላይ ተበትኖ አገኘን፤ ነሐስና አሉሚኒየም የሆነው ግን አልነበረም። የት እንደ ሄደ መገመት አያቅትም። ይሸሻል የተባለው ሚዛን በመጨረሻ ድርሻውን ወሰደ። ደብተሩ በታክሲው ኪስ ውስጥ ስለ ነበር ተርፏል።

ከዚያ ወዲህ ሕጉም ጠብቋል። የ2009 እ.ኤ.አ. የአሮጌ ዕቃ ንግድ ሕግ ነጋዴው ፖሊስ ዘንድ እንዲመዘገብና ከማን ምን እንደ ገዛ እንዲጽፍ ያዛል። መንግሥት በኖቬምበር 2022 ደግሞ ቁርጥራጭ ብረት ወደ ውጭ እንዳይላክ ለ6 ወር አገደ፤ እገዳውንም ኋላ አራዘመው። ቁጥሩና ስሙ የታወቀ መለዋወጫ ቁርጥራጭ ብረት አለመሆኑን ለጉምሩክ ሠራተኛ ለማስረዳት ያቺ ደብተር ከአንድም ሁለት ጊዜ አገልግላናለች። ቅጂዋ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይገኛል፤ ማየት ለሚፈልግ ክፍት ነው።

ጋሼ ዛሬ ከቤት ብዙም አይወጡም፤ እንጠይቃቸዋለን። ሳይለይ የቀረን ዕቃ አንድ ብቻ ነው፤ ነሐስ ነው፣ 2 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ በአንድ ጫፉ አራት የቡሎን ቀዳዳ፣ በሌላው ጫፉ የተጠማዘዘ ቱቦ አለው፤ ቁጥሩ ተፍቆ የመጨረሻዎቹ 47 ብቻ ይነበባሉ። ጋሼ ከአውትቦርድ አይደለም፣ ከትልቅ ጀልባ የውስጥ ሞተር ነው ይላሉ እንጂ ከየትኛው እንደሆነ እርግጠኛ አይደሉም። ከአንባቢዎቻችን የሚያውቅ ቢኖር፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዕቃውን ይዘን ጽሕፈት ቤቱ እንገኛለን።